ሂናው ያልለቀቀው እጅ

አዳማ፣ የካቲት 20

ውድ ዙለይካ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ልትረጂው የሚገባ ነገር አለ። ሴትየዋ አልተቀበረችም፤ እጇም አልተነካም። አንቺ በፋሻ እንደጠቀለልሽው አለ። ሌላው ነገር የአንቺን ቦታ ይመለከታል። ስምሽ ከክፍሉ አልተሰረዘም፤ ነገር ግን የሚመጣው ሰኞ ካለፈ እኔ ላቆየው አልችልም። እነዚህን ሁለቱን ያዢና የቀረውን አንብቢ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እዚህ ላይ እንደደረስን ነው፤ የሚለውጠው ነገር የለም።

ስልክሽ እንደተዘጋ ነው። የክፍል ጓደኛሽ ሜሪም ሞክራለች፣ እኔም ሞክሬያለሁ። ባቱ አክስትሽ ኑሰይባ ዘንድ እንዳለሽ የነገረኝ አባትሽ ነው፤ ይህንንም ደብዳቤ ይዞልሽ የሚመጣው እሱ ነው። በአባትሽ በኩል አጭር መልእክት ልኬ መገላገል አላቃተኝም። ነገሩን ባሳጠርኩት ቁጥር ግን የዋሸሁሽ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የመጣችሁበትን ቀን አስታውሺ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ጓሮዬ ውስጥ ቲማቲም አጠጣ ነበር። አናቶሚ የሚያስተምር ጠፋ ተብሎ በኮንትራት ተጠራሁ። የጠራኝም የገዛ ተማሪዬ የነበረው ዶክተር ፍሬዘር ነው፤ ዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እሱ ነው። እናንተን በር ላይ አቁሜ ደንቤን ነገርኳችሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ አይሳቅም አላልኩም፤ ሰው ሲፈራ ይስቃል። ጠረጴዛው ላይ በተኛችው በእሷ ላይ ግን አይሳቅም። ፎቶ አይነሳም። ከቢላ ዓይን ይቀድማል፤ በደንብ ያላያችሁትን አትቆርጡም። ከዚያ በየእምነታችሁ በልባችሁ ጸልዩ አልኳችሁ።

"ቲቸር፣ እኔ የምጸልየው እንዳልወድቅ ነው" አለ ሞቲ።

"ፈተና ላይ ነው ወይስ እዚሁ?" አልኩት።

ጨርቁ ሲገለጥ እዚያው ወደቀ። እግሩን ከፍ አድርገሽ የያዝሽለት አንቺ ነሽ። ሲነቃ "ጸሎቴ ለፈተናው ተቀምጧል ማለት ነው" ሲል የሳቅሽውም አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ ይህቺ ልጅ ሐኪም ትሆናለች አልኩ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለአንቺም ቢሆን።

ሥራዬን በቅደም ተከተል እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ከጀርባ እጀምራለሁ፤ ከዚያ እግር፣ ከዚያ ደረትና ሆድ። ፊትና እጅ እስከ መጨረሻው በእርጥብ ፋሻ ተጠቅልለው ይቆያሉ። አንደኛ እንዳይደርቁ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ስለ እናንተ ነው። ጀርባ የማንም ጀርባ ነው፤ እጅ ግን የአንድ ሰው ነው። ተማሪ በጀርባ ይለምድና እጅ ላይ ሲደርስ ይጸናል እል ነበር። እነሆ ያቺን ሴት ለወራት ስትቆርጡ ከርማችሁ፣ ሰው መሆኗን በመጨረሻው አያችሁት።

ፋሻውን የፈታሽው አንቺ ነሽ። ቀኝ እጇን መዳፍሽ ላይ አሳርፈሽ ቆየሽ።

"ምን ሆንሽ?" አለችሽ ሜሪ።

"ሂና" አልሽ።

"አዮዲን ይሆናል" አለ ሞቲ።

"አዮዲን የጥፍሩን ጫፍ ብቻ መርጦ ይቀባል? ስሩን እየው፣ ነጭ ነው። አድጓል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞርሽ። "ቲቸር፣ በጤናዋ ነው የተቀባችው።"

የምታዪው እኔ እንዳስተማርኩሽ አድርገሽ ነበር። እጇን ገለበጥሽው። አውራ ጣቷና አመልካች ጣቷ ላይ ጥቃቅን ጠባሳዎች ነበሩ። "እሾህ ነው። የጽጌረዳ እሾህ። የአክስቴ ደንበኞች ሁሉ እጃቸው እንዲህ ነው" አልሽ። አክስትሽ ባቱ አበባ እርሻዎቹ በር ላይ ምሳ እንደምትሸጥ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

"ጥሩ አይተሻል። አሁን ቆዳውን ከእጅ አንጓው ጀምሪ" አልኩሽ።

"አልቆርጥም ቲቸር።"

"ለምን?"

"ጀናዛዋ አልተሰገደበትም።"

"ሂና ብቻውን ሙስሊም አያደርግም፣ ዙለይካ። የእኔም ልጅ ስትዳር ተቀብታለች፤ እኛ ጴንጤዎች ነን።"

"አውቃለሁ። እንግዲያው እንደ እናንተም አልተጸለየላትም።"

አንቺ ፋሻውን አርጥበሽ ከጣቶቿ ጀምረሽ ጠቀለልሽው፤ ጫፉንም ሳትቋጥሪ ከስር ሸጎጥሽው፤ ልክ ባሳየሁሽ መንገድ። ከዚያ ጓንትሽን አውልቀሽ "እርስዎ ከጠየቁ ለቀብር ይሰጧታል" አልሽኝ። እኔም "እጠይቃለሁ" አልኩ።

ጠየቅሁ። ዶክተር ፍሬዘር ዛሬም ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሳል። ያን ቀንም ተነስቶ አስቀመጠኝና እስክጨርስ ሰማኝ።

"ቲቸር፣ ማን ናት ብዬ ነው የማስወጣት? ከመናኸሪያ ታማ ነው ሐኪም ቤት የገባችው፤ አንድ ቃል ሳትናገር አረፈች። ፖሊስ ከወለንጪቲ እስከ ደራ ጠይቋል፤ በሬዲዮም ተነግሯል፤ የእኔ ናት ያለ የለም። ቤተሰብ ይምጣ፣ ከፖሊስ ወረቀት ይያዝ፣ በዚያው ሰዓት እለቃታለሁ።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያማ የምናስተምርባት ናት። ያለችን ሴት እሷ ብቻ ናት። ዓመቱ ሲያልቅ ማዘጋጃ ቤት ይቀብራታል።"

"በማን ሥርዓት?"

"በማዘጋጃ ቤት ሥርዓት።" ቀና ብሎ አየኝ። "ቲቸር፣ እጅ በፕላስቲክ አይጠናም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ አሁን ለእነዚህ ልጆች ምን ልበላቸው?"

ያልኩት እኔው ነኝ፤ ትክክልም ነው። እጅ በፕላስቲክ አይጠናም።

የሆነውን ሳልነግርሽ ጥቂት ቀን አለፈ። እንዴት አድርጌ እንደምነግርሽ እያሰብኩ ነበር። አንቺ ግን ለአባትሽ "ቲቸር እጠይቃለሁ ብለዋል" ብለሽዋል። አባትሽ ደሊል የዚህ አገር ሰው ነው። እኔን የመሰለ ሽማግሌ "እጠይቃለሁ" ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ምን ደረሰ ብሎ መጨቅጨቅ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም ተመልሶ አልጠየቀኝም። እሱም ለመስጊዱ ጀማዓ ነገራቸው። ምን ያህል እንደተቆራረጠችም አልደበቃቸውም። የመስጊዱ ሽማግሌ አቶ ኡበይደላ "የተረፈውን እናጥባለን፤ የተረፈውም ሰው ነው" ብለው ወጣቶቹን ወደ መቃብር ስፍራው ላኩ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ክፍል ውስጥ እያለሁ ዘበኛው ቀነዓ እየሮጠ መጣ።

"አባባ፣ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ማን ሞተባችሁ ብላቸው እኛም አናውቅም ይላሉ። ምን ብዬ ነው የማስገባቸው?"

ወጣሁ። የአባትሽ ሚኒባስ ከነቃሬዛው ቆሟል። አቶ ኡበይደላ የመገነዣውን ጨርቅ፣ ከፈኑን፣ ክንዳቸው ላይ አኑረዋል። የሚያጥቡት ሴቶች ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፤ አንቺም ከእነሱ ጋር ነበርሽ። አባትሽ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ።

"መምህር፣ ዘገየን እንዴ?"

"አቶ ደሊል፣ አልተፈቀደም" አልኩት።

"ጠይቀው የለ?"

"ጠይቄያለሁ።"

"እና?"

"እምቢ አሉ።"

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የገባው አልመሰለኝም። "እርስዎን?" አለ ብቻ።

አቶ ኡበይደላ ከፈኑን ወደ ሌላኛው ክንዳቸው አዛወሩት። "ጉድጓዱ እኮ ተቆፍሯል። የተከፈተ መቃብር ባዶውን አያድርም፤ ሰው ይጠራል" አሉ።

"እንመለስና እንድፈነው። ለሚቀጥለው ሰው አፈሩ ለስልሶ ይጠብቀዋል" አለ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ልጅ።

"አንተን ይጥራህ" አለችው አንዷ ሴት ከኋላ። የሳቀ ግን የለም።

አብሬያቸው ሄድኩ። አካፋም ተቀበልኩ፤ እምቢ አላሉኝም። ዕድሜዬን ሁሉ ቀብር ላይ ቆሜያለሁ፤ አፈር ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ እንደሚለይ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አንቺ ከሚኒባሱ አልወረድሽም። በመስተዋቱ አየሽኝ፣ እኔም አየሁሽ። እጄን ላነሳልሽ ፈለግሁ፤ ሰላምታ ይሁን ይቅርታ ሳይለይልኝ ተውኩት። በማግስቱ ባቱ መሄድሽን ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ እንዳልተቀመጥኩ እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ፍሬዘር ዘንድ ተመልሼ ነበር። "መስጊዱ የኛ ናት ብሎ በጽሑፍ ከመሰከረ ለበላይ አቀርበዋለሁ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ አቶ ኡበይደላ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ "መቅበርማ እንቀብራለን። ጀናዛ አንጥልም። ግን ባላየነው አንፈርምም፣ መምህር፤ ምስክርነት ከባድ ነው" አሉኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ስለዚህ የማውቀውን ሙያ ሞከርኩ። ፋሻውን ፈትቼ የጥፍሯን ነጭ ክፍል ለካሁ። ጥፍር በወር ሦስት ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ከሞት በኋላም ያድጋል የሚባለው ተረት ነው፤ ይህን አስተምሬሻለሁ። ያረፈችው ግንቦት ሲጠባ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ስቆጥር ሂናውን የተቀባችው መጋቢት መጨረሻ አካባቢ ሆነ። የኢድ ሰሞን ነበር። ቤቴ ደርሼ ኮቴን ሳላወልቅ ለባለቤቴ ለጉዲቱ ነገርኳት፤ አቶ ኡበይደላ ዘንድ ልሮጥ ነበር።

"በመጋቢት ሂና የሚቀባ ሙስሊም ብቻ ነው?" አለችኝ። "የኛ ልጅ የተዳረችው መቼ ነበር?"

መጋቢት ነበር። ኮቴን አወለቅሁና ተቀመጥኩ።

ስለ እናትሽም ልነግርሽ ይገባል። በየጊዜው ጎራ እላለሁ። ፈውዚያ ሻይ ታቀርብልኝና "ዶክተርዬ መቼ ትመጣለች?" ትለኛለች፣ እኔ የማውቅ ይመስል። ነጭ ጋውንሽን አጥባ ተኩሳ በር ኋላ ሰቅላዋለች። ባለፈው ሳምንት ሻዩን ሳልጨርስ እንዲህ አለችኝ፤ "የሞተችውን መፈለጓ ደግ ነው መምህር፣ አላህ ይቀበላት። የኔዋን ግን ማን ይፈልግልኝ?" እኔ እፈልጋታለሁ ለማለት አፌን ከፈትኩ። "እጠይቃለሁ" ያልኩት ቃል ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል መስጠት እፈራለሁ።

ትናንት አባትሽ መጥቶ እንዴት እንደምትፈልጊ ነገረኝ። ፎቶ አይነሳም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺም አላነሳሽም። የምታሳዪው ነገር የለሽም። ስለዚህ ፈረቃ ሲያልቅ አበባ እርሻው በር ላይ ቆመሽ የእጇን መልክ እየተናገርሽ ትጠይቂያለሽ። ቀጭን እጅ፣ ጥፍሩ ሂና ያለው፣ አውራና አመልካች ጣቱን እሾህ የወጋው፣ ከግንቦት ወዲህ ያልታየ።

"ታዲያ ሴቶቹ ምን ይሏታል?" አልኩት።

"ምን ይሏታል። እጃቸውን ዘርግተው 'እንዲህ ያለ?' ይሏታል። አዎ፣ እንዲህ ያለ ነው። የሁሉም እንዲህ ያለ ነው። አንዷማ 'እኔን ነው የምትፈልጊው፣ ከሞትኩ ቆየሁ፤ አለቃችን ነው ገና ያላወቀ' ብላ አሳቀቻቸው። ኋላ ብቻዋን ተመልሳ መጥታ 'እኔ ብታመም ማን ይፈልገኛል፣ ስልክሽን ስጪኝ' አለቻት። ዙለይካ ስልኩን የዘጋችው ለኛ እንጂ ለሰው አይደለም፤ አዲስ ቁጥር አውጥታለች።"

አዲሱን ቁጥር አልጠየቅሁትም። ብትፈልጊ ትሰጪኝ ነበር።

አሁን ወደ ሰኞ ልምጣ። ፈተናው ደርሷል። ዓርብ ዕለት ፍሬዘር ክፍሉ ድረስ መጣ፤ ቢሮው አልጠራኝም፣ ያከበረኝ መስሎት ነው። "ቲቸር፣ ሰኞ እጁ መከፈት አለበት። ከከበደዎ ሌላ አስተማሪ አስመጣለሁ፤ ቅር አይለኝም" አለኝ። የሚመጣውን ሰው አውቀዋለሁ። ወጣት ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ይቸኩላል። እጅ ደግሞ ችኩልን አይታገሥም። ጅማቱንና ነርቩን አንድ ላይ ያነሳውና ማንም ምንም ሳይማርበት ያልቃል። እኔ ከሠራሁት ጓደኞችሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ የማይረሱት ነገር ያያሉ። አንድ ቀን ጣቱን ማጭድ የቆረጠው ሰው እጃቸው ላይ ይወድቅና ያ ቀን ይጠቅመዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንቺ ያልሽውም እውነት ነው። አንዱ እውነት ሌላውን አያፈርሰውም፤ እኔም በመካከል ቆሜያለሁ።

ሜሪ "ሰኞ እጇን ማን ነው የሚይዘው ቲቸር?" ብላ ጠይቃኛለች፤ ጠረጴዛው ላይ የምትይዢላቸው አንቺ ስለነበርሽ ነው። ሞቲ ደግሞ "እኔ ሰኞ ልታመም አስቤያለሁ" ብሎኛል። ቀድሞ ቢሆን እገሥጸው ነበር። "እኔንም ጥራኝ" አልኩት።

ከክፍሉ ከመውጣቴ በፊት ሁልጊዜ ፋሻውን አርጥቤ እጠቀልለዋለሁ። እንዳንቺ አስተካክዬ አልሸጉጠውም፣ ሲነጋ ተፈትቶ አገኘዋለሁ። እንደገና እጠቀልለዋለሁ። ለዚያች ሴት ማድረግ የቻልኩት ይህንን ብቻ ነው። ለአንቺም ይህንኑ።

ይህንን ደብዳቤ ስጀምር "ተመለሺ" ብዬ ጽፌ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። ብትመለሺ የምሰጥሽ ያንኑ እጅ ነው። አትመለሺ ልልም አልችልም፤ ጋውንሽ በር ኋላ ተሰቅሏል። ተማሪዎች ሲጠይቁኝ የማውቀውን ወዲያው እመልሳለሁ፤ ያላወቅሁትን ነገ ልንገራችሁ ብዬ አንብቤ እመጣለሁ። ይህኛውን ገልጬ የማነበው መጽሐፍ የለኝም። ስለዚህ አሁን ጠያቂው እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ፋሻውን ልፍታው ወይስ ለሌላው ሰው ልተወው? ፍቱት ካልሽኝ በዝግታ እሠራዋለሁ። ጥፍሮቿን አልነካም። ከእሷ የተቆረጠ ነገር አንድም ሳይጎድል ከእሷው ጋር ይሆናል። ይተዉት ካልሽኝ የክፍሉን ቁልፍ ለፍሬዘር መልሼ ወደ ቲማቲሜ እሄዳለሁ። መጥቼ እጇን እይዛለሁ ካልሽም ቦታሽ ክፍት ነው። ተመልሼ አልመጣም ካልሽ እሱንም ጻፊው፤ ለእናትሽ የምነግራት እውነተኛ ነገር ይኖረኛል። ስሟን ከሰማሽ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድመሽ ስሟን ጻፊልኝ።

አባትሽ እሁድ ከሰዓት ከባቱ ይመለሳል። መልሱን በእሱ እጅ ላኪልኝ፤ ከዚያ አታሳልፊው። ወረቀት ፍለጋ እንዳትዘገዪ የዚህን የመጨረሻ ገጽ ጀርባ ባዶ ትቼልሻለሁ።

መምህርሽ
ኢተፋ